እናቴ ዘጌ ሆና ደም ብዛቷ ይታይላት

ይድረስ ለአዘጋጁ፦

እናቴ የምትኖረው ዘጌ ነው። ደም ብዛትና ስኳር አለባት። ቀጠሮዋ ሲደርስ ሳይነጋ ትነሳና በጀልባ ጣናን ይዛ ባሕር ዳር ትመጣለች። እኔ ከወደቡ እቀበላትና በባጃጅ እንሄዳለን። ካርድ አውጥተን፣ ተሰልፈን፣ ተራችን ሲደርስ ይለኳታል። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። መድኃኒቱ ይታዘዛል፣ በቃ። እሷ ግን ቀኗ አለቀ።

ድካሙ ብቻ ቢሆን ባልጻፍኩ። አምና ማዕበል ሲያንገላታት መጥታ፣ ትንፋሿ ሳይመለስ ለኳት። 170 በ100 አሉን። መድኃኒት ተጨመረላት። በሳምንቱ ጠዋት ከመኝታዋ ስትነሳ አዞራትና ምድጃው ጥግ ወደቀች። ክንዷ ላይ የተቃጠለችው ጠባሳ ዛሬም አለ።

ከዚያ በኋላ ክንድ ላይ የሚታሰር መለኪያ ገዛሁላት። የምትለካት የእህቴ ልጅ ናት። ጠዋት ከመድኃኒትና ከቡና በፊት፣ ማታም እንደገና። ከቡና በፊት ማለት ዘጌ ላይ ከባድ ነው፤ እናቴ ግን ለምዳዋለች። ጀርባዋን አስደግፋ፣ እግሯን ሳታነባብር 5 ደቂቃ ዝም ብላ ትቀመጣለች። ክንዷ በልቧ ትክክል ጠረጴዛ ላይ ያርፋል። ልጅቷ በአንድ ደቂቃ ልዩነት ሁለቴ ትለካና ደብተር ላይ ትጽፋለች። ቤት ውስጥ ከ135 በ85 በታች ሲሆን ጥሩ ነው፤ የእናቴ አብዛኛው ከዚያ በታች ነበር። ደብተሩን ይዤ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። አንድ በአንድ አየና የተጨመረውን መድኃኒት ቀነሰላት።

ሐኪም ፊት ሲሆን ደም ብዛቱ የሚጨምር ሰው እንዳለ ሐኪሞቻችን ያውቁታል። ታዲያ ከቤት የሚመጣውን ቁጥር የሚቀበል ሰው ለምን አይመደብም? የምጠይቀው አንድ ነርስና አንድ ስልክ ቁጥር ነው። ኢንተርኔት አያስፈልግም። ዳታ ቢቋረጥም ተራ የጽሑፍ መልእክት ይበቃል። ነርሷ ቁጥሩን አይታ «በዚሁ ቀጥሉ» ወይም «ነገ ይምጡ» ትበል። መንገድ በሚዘጋበት ሰሞን ይህ ምን ያህል እንደሚያሳርፍ የቀጠሮ በሽተኛ ያለበት ቤት ያውቀዋል።

መለኪያ መግዛት የማይችል ብዙ ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞቻችን ከ20 ዓመት በላይ ቤት ለቤት ሲዞሩ ኖረዋል። በየጤና ኬላው የሚሠራ መለኪያና መለዋወጫ ባትሪ ቢኖራቸው ያግዙናል። የስኳሩ ደግሞ ይብሳል። ማሽኑ አንዴ ይገዛል፣ ደም ጠብ የሚደረግበት ስትሪፑ ግን ያልቃል፤ የአንዱ ማሽን ስትሪፕ ለሌላው አይሆንም። የጤና መድኑ ስትሪፕንም ቢሸፍን ስንቱ ሰው በግምት ከመኖር ይድን ነበር።

ቀጠሮ ይቅር አላልኩም። የስኳር በሽተኛ ዓይኑና እግሩ መታየት አለበት፣ ኩላሊቱም መመርመር አለበት፤ ይህ በስልክ አይሆንም። ደረቱን የወጋው፣ አፉ የተንጋደደ ወይም አንድ ጎኑ የሰነፈ ሰው ደግሞ መልእክት ልኮ መልስ አይጠብቅም፤ ያገኘውን መጓጓዣ ይዞ ወዲያው ሐኪም ቤት ይሂድ።

ዛሬ ጠዋት የእህቴ ልጅ 128 በ76 ብላ ጻፈችልኝ። ስልኬ ላይ አለ። የምልክበት ቁጥር ግን የለኝም።

አንዲት አንባቢ
ከባሕር ዳር