ሶፋውን በጋራ እንዳትገዙ

ይድረስ ለልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። የአባትሽ ጉንፋን ለቆታል፤ ሰላም በይልኝ ብሏል።

የላክሽልኝን የሶፋ ፎቶ አየሁት። ግራጫ፣ ኤል ቅርጽ ያለው። ያምራል፣ አልዋሽሽም። "እማ፣ ሦስታችን ካዋጣን እኮ አይከብደንም" ያልሽውንም አነበብኩ። ደውዬ ልነግርሽ ነበር፤ ግን አንቺ ስልክ ላይ "እሺ እማ፣ እሺ እማ" ብለሽ ነው የምትዘጊው። ስለዚህ ልጻፍልሽ ብዬ ተቀመጥኩ። ቡናሽን ይዘሽ አንብቢው።

ሶፋውን አትግዙ። መግዛታችሁ ካልቀረም በጋራ አትግዙ።

ዛሬ አንቺ፣ ነርሷና የሐዋሳዋ ልጅ ሦስታችሁም አንድ ኪራይ ቤት፣ አንድ ማዕድ ናችሁ። ነገ አንዷ ታገባለች፣ አንዷ ሥራ ቀይራ ሌላ ከተማ ትሄዳለች። ያን ቀን ሶፋው በምን ይካፈላል? ካዛንቺስ አካባቢ መጋረጃ የሰፋሁላቸው ሦስት ልጆች ነበሩ። ፍሪጅ አዋጥተው ገዙ። አንደኛዋ ልታገባ ስትል "ድርሻዬን ስጡኝ" አለች። በተገዛበት ዋጋ ነው ወይስ ዛሬ በሚያወጣው? አንዷ "ያረጀ ዕቃ ነው" ትላለች፣ ሌላዋ "አሁን ገበያ ላይ እጥፍ ገብቷል" ትላለች። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። እዚህ አገር ፍሪጅ እያረጀም ዋጋው ይጨምራል። በመጨረሻ ሠርጓ ላይ ሳይገኙ ቀሩ። በፍሪጅ!

ስለዚህ አንድ ዕቃ አንድ ባለቤት ይኑረው። ለምሳሌ ምድጃው ያንቺ፣ ፍሪጁ የሐዋሳዋ ልጅ፣ ጠረጴዛና ወንበሩ የነርሷ። መጠቀሙን ሁላችሁም ተጠቀሙበት። ስትለያዩ ግን እያንዳንዷ የራሷን ይዛ ትወጣለች። ዋጋው እኩል ካልመጣ ልዩነቱን በአስቤዛ አስተካክሉት። ማን ምን እንደገዛ ደግሞ በግሩፓችሁ ላይ ጻፉት። ጓደኛን ማስፈረም ያሳፍራል እንዳትዪኝ፤ አንድ መስመር ቴክስት ፊርማ አይደለም። ማዋጣቱ ካማራችሁ እቁብ ጣሉ። በየወሩ ዕጣ የደረሳት የራሷን ዕቃ ትገዛለች። ገንዘቡ የጋራ፣ ዕቃው የአንዷ።

ወደ ሶፋው ልመለስ። አራተኛ ፎቅ ናችሁ፣ ሊፍት የለም። የደረጃውን መታጠፊያ ለክታችሁታል? እርግጠኛ ነኝ አልለካችሁትም። ኮንዶሚኒየም ላይ ሶፋ በበረንዳ በገመድ ሲጎተት ያየሽው ለምን ይመስልሻል? ሻጩ "ይነጣጠላል" ይልሻል። "የቱ ጋ ነው የሚነጣጠለው፣ አሳየኝ" በዪው። ከጫኝና አውራጆች ጋርም ዋጋ የምትነጋገሩት ዕቃው መኪና ላይ ሳይወጣ ነው። "እስከ አራተኛ ፎቅ፣ ቤት ውስጥ ድረስ" ብለሽ ተናገሪ። አለበለዚያ በር ላይ አውርደው ሌላ ሒሳብ ይጀምራሉ።

እኔ ብሆን አረብያን መጅሊስ ነው የማደርገው። ስፖንጁን ግዙ፣ ልብሱን እኔ እሰፋላችኋለሁ፣ በዚፕ፣ ወልቆ እንዲታጠብ። ቀን ትቀመጡበታላችሁ፣ ወንድምሽ ሲመጣ ያድርበታል፣ ቤት ስትቀይሩ በላዳ ይሄዳል። ስፖንጁን ስትመርጪ በመዳፍሽ ተጫኚና ልቀቂው። ወዲያው ካልተመለሰ ተዪው፤ በስድስት ወር ወለሉ ላይ ትቀመጫለሽ። ከሥሩ ምንጣፍ ይኑረው። በክረምት ወለሉ ይቀዘቅዛል፣ ስፖንጅ ደግሞ ከታች እርጥበት ይይዛል። ጸሐይ ስትወጣ አቁሙት።

አሁን ወደ እንጀራዬ፣ ወደ መጋረጃው ልግባ። መጀመሪያ ግን ማን የት እንደሚተኛ።

ነርሷ አዳር ሠርታ ጠዋት ነው የምትገባው ብለሽኛል። እንግዲያው መኝታ ክፍሉ ለእሷ ይሁን፣ ከሁለታችሁም አንዷ ትጨመር። ሳሎን የምትተኛዋ ግን ኪራይ ቀነስ ይደረግላት። "ሁላችንም እኩል እንክፈል" የምትል ካለች አንድ ሳምንት ሳሎን ትተኛና ትናገር። ሌሊት ሽንት ቤት የሚሄድ ሁሉ በእሷ ላይ ነው የሚያልፈው።

ቀን ለሚተኛ ሰው መጋረጃ ከአልጋ አይተናነስም። ጥቁር ጨርቅ ግዙ ግን አልልም። ጥቁር ክፍሉን ያጠባል፣ አቧራም ያሳያል። ፊቱ ደስ ያላችሁ ቀለም ይሁን፣ ከኋላው ወፈር ያለ ገበር ይደረግለት። ብርሃን ደግሞ በጨርቁ መሐል ብቻ አይደለም የሚገባው፤ በጎንና በላይ ነው። ስለዚህ ዘንጉ በግራና በቀኝ መስኮቱን ቢያንስ 15 ሴንቲ ሜትር ይለፈው፣ ከላይም ከፍ ብሎ ይመታ። ከፍ ብሎ የተሰቀለ መጋረጃ ጣሪያውንም ከፍ ያደርገዋል፤ ትንሽ ቤት ላይ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ስፋቱን አትሰስቱ። መስኮቱ 1 ሜትር ተኩል ከሆነ ጨርቁ 3 ሜትር ይሁን። ብር ለመቆጠብ አንድ ለአንድ የተሰፋ መጋረጃ ሲዘጋ እንደ ተወጠረ አንሶላ ነው የሚሆነው። ጥጥ ከገዛችሁ ሳይቆረጥ በፊት ይታጠብ። ካልታጠበ የመጀመሪያው እጥበት ላይ አጥሮ ቁርጭምጭሚቱን ያሳያችኋል። ሳሎን ለምትተኛዋም አልጋዋን የሚከልል አንድ መጋረጃ ጣሪያው ላይ ይሰቀልላት። ልብሷን የምትቀይርበት ጥግ ያስፈልጋታል፤ ሁልጊዜ ሽንት ቤት እየገባች መቀየር የለባትም።

ሳትበሱ በፊት ግድግዳውን አንኳኩት። ኮንዶሚኒየም ላይ የውጭው ግድግዳ ብሎኬት ነው። ክፍል የሚከፍለው ግን ብዙ ቦታ አግሮስቶን የሚባል ቀለል ያለ ሰሌዳ ነው፤ ስታንኳኪው ድምፁ ይለያል። እዚያ ላይ ከባድ መደርደሪያ እንዳትሰቅሉ። ብሎኬቱም ውስጡ ክፍት ስለሆነ ተራ ሚስማር ውሎ አድሮ ይላላል። ከመስኮቱ በላይ ደግሞ ኮንክሪት ነው፤ ሚስማሩ ይጣመማል እንጂ አይገባም። ድሪልና ፊሸር (ቀዳዳው ውስጥ ገብቶ ብሎኑን የሚይዘው ፕላስቲክ) ያለው ባለሙያ አንድ ቀን ጥሩና ዘንጉንም፣ መስተዋቱንም፣ ማንጠልጠያውንም በአንድ ጊዜ ያስገጥምላችሁ። ለየዕቃው ለየብቻ ከጠራችሁት በየጊዜው ትከፍላላችሁ።

ቁም ሳጥን ኤምዲኤፍ (የተጨመቀ የእንጨት ብናኝ) ከሆነ እግር ይኑረው። ወለሉ ላይ የተቀመጠ ኤምዲኤፍ ቤት በተወለወለ ቁጥር ከሥሩ ውሃ ይጠጣል፣ ከዚያ ያብጣል፣ ከዚያ በሩ አልዘጋ ይላል። ያበጠ ኤምዲኤፍ አይመለስም።

ያገለገለ ዕቃ መግዛት ነውር አይደለም። ውጭ የሚሄዱ ሰዎች ጥሩ ጥሩ ዕቃ ይሸጣሉ። ፍራሽ ግን አዲስ ግዙ። ያገለገለ አልጋ ከወሰዳችሁ ከመክፈላችሁ በፊት ስልካችሁን አብርታችሁ መጋጠሚያውንና የብሎን ቀዳዳውን እዩ። ጥቁር ነጠብጣብ ካለ የትኋን ነው፤ "አመሰግናለሁ" ብላችሁ ውጡ። ባለቤቱ ይቀየማል ብለሽ ይሉኝታ እንዳይዝሽ። ትኋን አንዴ ከገባ ከእናንተ አልፎ ለብሎኩ ሁሉ ይተርፋል።

ውሃ በፈረቃ ነው ብለሽኛል። በርሜል ካስገባችሁ ቦታውን አስቡበት። 200 ሊትር ሲሞላ 200 ኪሎ ነው። መታጠቢያ ቤት ጥግ ላይ ይቀመጥ፣ በረንዳ ላይ አታውጡት። ምጣድ ለጊዜው አትግዙ። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 ኪሎ ዋት በላይ ይስባል፣ የራሱ መስመር ይፈልጋል። በማከፋፈያ ሰክተው ገመድ ያቀለጡ ጎረቤቶች አሉኝ። ሦስት ሴቶች ናችሁ፤ እንጀራ ከሱቅ ግዙ፣ እኔም ስመጣ አመጣለሁ።

አሁን ደስ የሚልሽን ልንገርሽ፣ ማስጌጡን።

መጀመሪያ አምፖሉን ቀይሩ። ቪዲዮ ላይ ሳየው ሳሎናችሁ ሐኪም ቤት ይመስላል። ካርቶኑ ላይ 6500 የሚል ቁጥር ካለ ነጭ ብርሃን ነው፤ 3000 የሚለው ቢጫ ነው። ቢጫውን አድርጉና ማታ እዩት። በጣም በትንሽ ብር ቤቱ ሌላ ቤት ይሆናል። ምግብ የምትሠሩበት ላይ ነጩ ይቆይ፤ ሽንኩርት ሲቁላላ ቀለሙ መታየት አለበት።

ለግድግዳው ምናለሽ ተራ ውረጂ። ከልደታ ባቡሩን ይዘሽ አውቶቡስ ተራ ብትወርጂ መርካቶ ነሽ። ቦርሳሽን ወደ ፊት አዙሪው፣ ስልክሽን ኪስሽ ውስጥ አትያዢ። ከአክርማና ከስንደዶ የተሠራ ስፌት በየመጠኑ ታገኛለሽ። አንድ ትልቅና ሁለት ሦስት ትናንሽ ውሰጂና ከመጅሊሱ በላይ ስቀሉት። ቀላል ስለሆነ ትንሽ ሚስማር ይችለዋል። በአንድ መስመር አትደርድሩት፤ ሱቅ ያስመስላል። ለትራሱ ደግሞ ሽሮ ሜዳ ከሚሰፉት ዘንድ የጥበብ ቁራጭ ጠይቂ፤ ከቀሚስ የተረፈ አለ። በስልክ ያየሽውን የፈረንጅ ቤት እንዳለ ልገልብጥ እንዳትዪ። በረንዳው ላይ በቆርቆሮ ጤና አዳምና የጥብስ ቅጠል ትከሉ። አንዱ ለቡና፣ አንዱ ለጥብስ።

የረከቦቱ ቦታ የት እንደሆነ ግን ጠይቂያቸው። የሐዋሳዋ ልጅ ቡና ታፈላለች አላልሽም? እንግዲህ ጥጉን እሷ ትምረጥ። ነርሷ የዕጣን ጢስ ካልተስማማት ደግሞ በረንዳው በር አጠገብ ይሁን። ቤቱን ሁሉ በአንቺ ምርጫ እንዳትሞዪው። አውቅሻለሁ፤ የምትወጂውን ነገር ስታገኚ ሌላ ሰው መኖሩን ትረሺያለሽ። በዚህ አባትሽን ነው የወጣሽው።

ቀለም መቀባት ከፈለጋችሁ አከራያችሁን አስቀድማችሁ በጽሑፍ ጠይቁ፤ በቴክስትም ቢሆን። ውላችሁስ ተመዝግቧል? በ2016 የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320 ውሉ በጽሑፍ ይሁን፣ ከ2 ዓመት አይነስ፣ በ30 ቀን ውስጥ ይመዝገብ ይላል። ቅድሚያ ክፍያም ከ2 ወር ኪራይ መብለጥ የለበትም። ውሉ ላይ የሦስታችሁም ስም ይግባ። አንዷ ብቻ ከፈረመች ሌሎቹ ሁለቱ በእሷ ቤት እንግዳ ናቸው፤ ለዚህ ለዚህ ደግሞ ቀለም አይቀባም። ከቀባችሁ ነጣ ያለ ክሬም ይሁን፣ ለምድጃው አካባቢ የሚታጠብ ቀለም።

ገንዘብ ካጠረሽ በቅድሚያ ፍራሽ፣ መጋረጃ፣ ጀሪካን፣ ምድጃ። ሌላው እየቆየ ይመጣል። የመጅሊሱን ጨርቅ ከአዲስ ዓመት በኋላ ግዢው፤ አሁን ለእንቁጣጣሽ ሰው ሁሉ ቤቱን ስለሚያድስ ዋጋው አይቀመስም።

የመስኮቶቹን ልክ ላኪልኝ። በዓይንሽ ገምተሽ ሳይሆን በሜትር፣ ወርዱንም ቁመቱንም፣ ከመስኮቱ እስከ ወለሉ ያለውንም። ሁለቱ መስኮቶች እኩል ናቸው ብለሽ አንዱን ብቻ እንዳትለኪ፤ ኮንዶሚኒየም ላይ እኩል መስኮት ገጥሞኝ አያውቅም። የመጋረጃውን ጨርቅ ሦስታችሁም ተስማምታችሁ ምረጡና ፎቶውን ጨምሪበት። ጳጉሜ ሳይገባ ይድረሰኝ። ከገባ በኋላ ሥራው ስለሚደራረብብኝ፣ ልጄም ብትሆኚ ተራሽን ትጠብቂያለሽ።

እናትሽ