የስክሪንሻት በረዶ አታትሙብን

ይድረስ ለአዘጋጆቹ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ኦሮራ ኮሎራዶ ነው፣ ስራዬ ከዴንቨር ኤርፖርት ሰው ማመላለስ ስለሆነ በረዶ ለኔ ወሬ አይደለም፣ እንጀራዬ ነው። ባለፈው እትማችሁ ያወጣችሁትን፣ እዚህ 18 ኢንች በረዶ ይጥላል የሚል የትንበያ ካርታ ስክሪንሻት አይቼ ዝም ማለት አቃተኝ።

ካርታው ጂኤፍኤስ የሚባለው የአሜሪካኖቹ ሞዴል (አየሩን በኮምፒውተር አስልቶ የሚተነብይ ፕሮግራም) በረዶው ሊጥል 9 ቀን ሲቀረው አንዴ ያወጣው ነው። ይሄ ሞዴል እኮ በቀን 4 ጊዜ ነው የሚሰራው፣ እስከ 16 ቀን ድረስ ይተነብያል፣ እና ጋዜጣው በ3 ቀኑ እጄ እስኪገባ 12 ጊዜ ተቀይሯል ማለት ነው። እኔ ሳየው በረዶው ኔብራስካ ሄዶ ቁጭ ብሎ ነበር።

ሞዴሉ ውሸታም ስለሆነ አይደለም። 9 ቀን የቀረው በረዶ ገና ፓስፊክ ላይ ያለ ትንሽ የአየር መጣመም ነው፣ እዛ ውቅያኖስ መሀል ደሞ እንደ የብስ በየቦታው በቀን ሁለቴ የአየር መለኪያ ባሉን የሚለቅ ሰው የለም፣ አብዛኛው በሳተላይት ነው የሚለካው፣ መነሻው ላይ ትንሽ ከተሳተ ቀን በጨመረ ቁጥር ስህተቱ እየሰፋ ይሄዳል። ለዛ ነው አውሮፓዎቹ መነሻውን ትንሽ ትንሽ እየነካኩ ሞዴላቸውን 50 ጊዜ የሚያስኬዱት። ከ50ው 40ው በረዶ ካመጣ እኔም ጎማዬን አያለሁ፣ 5 ወይ 6 ብቻ ከሆነ ግን ሻዬን እጠጣለሁ።

የኛ ሰፈር ደሞ የባሰ ነው። ዴንቨር ላይ ጥሩ በረዶ የሚጥለው ማዕበሉ በፎር ኮርነርስ (ከኛ ደቡብ ምዕራብ አራት ስቴቶች የሚገናኙበት ቦታ) በኩል ዞሮ ነፋሱ ከምስራቅ ሲመጣና ተራራው ላይ ሽቅብ ሲወጣ ነው፣ መንገዱ 60 ማይል ወደ ሰሜን ከሳተ ግን ደረቅ ነፋስ ከተራራው ይወርድና ፀሀይ ነው። እነዚህ ካርታዎች ብዙዎቹ ደሞ ሞዴሉ ይወርዳል ያለውን ውሀ በ10 አባዝተው ነው በረዶ የሚሉት፣ በጥቅምት መሬቱ ገና ሙቅ ስለሆነ ግማሹ እዛው ይቀልጣል።

ካቻምና በእንዲህ አይነት ስክሪንሻት የልጃችንን ክርስትና በአንድ ሳምንት ገፋነው። እንጀራው ታዟል፣ ዶሮው ተገነጣጥሎ ፍሪዘር ገብቷል፣ ሰው ሁሉ ተደውሎለታል። ቅዳሜ ሲደርስ ጎረቤቴ በቁምጣ ሳር ያጭዳል። አማቴ እስካሁን "የበረዶው ክርስትና" እያሉ ነው የሚጠሩት።

በ2020 ደሞ ተቃራኒው ሆነ። ሴፕቴምበር 5 ቅዳሜ ዴንቨር 101 ፋራናይት ነበር፣ ትንበያው ማክሰኞ በረዶ ሲል ሳቅኩ። ሚስቴ አልሳቀችም፣ ሰኞ ማታ ጓሮ ወጥታ ጤና አዳሙንና ቲማቲሙን በአሮጌ ጋቢ ሸፈነች። ማክሰኞ ጳጉሜ 3 ነበር፣ ሩፋኤል፣ ልጆች ሆነን በዝናቡ የምንታጠብበት ቀን ማለት ነው፣ በመስኮት ሳይ በረዶ ነው፣ ቅጠሉ ያልረገፈ ዛፍ ቅርንጫፉ ጎንበስ ብሎ መሬት ሊነካ ደርሷል። ኤርፖርት የተለካው 1 ኢንች ብቻ ነው፣ ግን ብርዱን ከቀናት በፊት በትክክል ይዘውታል። ትልቅ ቅዝቃዜ ሲመጣ ከሩቅ ይታያቸዋል፣ ስንት ኢንች የሚለው ላይ ነው የሚቸገሩት።

ስለዚህ የምለምናችሁ፣ ካርታ ካወጣችሁ የየትኛው ሞዴል እንደሆነና መቼ እንደወጣ ጻፉበት። ከ3 ቀን በላይ ለቀረው ነገር ኢንች አትጥቀሱ፣ "ሊበርድ ይችላል፣ ተከታተሉ" ይበቃል። ሲቀርብ ደሞ ቦልደር ያለው የናሽናል ዌዘር ሰርቪስ (የመንግስቱ የአየር ትንበያ መስሪያ ቤት) ቢሮ ዝቅተኛውን፣ የሚጠበቀውንና ከፍተኛውን የበረዶ መጠን ለይቶ ያወጣል፣ እሱን ተርጉሙልን፣ እንግሊዝኛው የሚከብዳቸው እናቶች አሉ እኮ።

ይሄን ስጽፍ ማታ 4 ሰዓት ተኩል ነው በኛ አቆጣጠር፣ የሞዴሉ አዲስ ትንበያ እየወጣ ነው፣ የናንተ 18 ኢንች 3 ሆኗል። የክረምት ጎማዬን ነገ ጠዋት አስቀይራለሁ፣ ቀጠሮውን ከወር በፊት ስለያዝኩ ነው እንጂ በናንተ ካርታ አይደለም።

አንባቢያችሁ፣ ከኦሮራ