ለሙሌ፣ ከጣና ዳር

ይድረስ ለውድ ወንድሜ ሙሌ፣

ለጤናህ እንደምን አለህ? ልጆቹስ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ ድምፄን አጥፍቼ አሁን ስጽፍልህ እጄ ይከብደኛል። የእማማ የሺን ማረፍ የሰማሁት አርባቸው ካለፈ በኋላ ነው። ስልክ አንስቼ፣ ስምህ ላይ ደርሼ ስንቴ እንደተውኩት። ሳምንት ሲያልፍ አፈርኩ። ወር ሲያልፍ ባሰብኝ። ለቅሶህን አልደረስኩም ሙሌ፣ ይቅር በለኝ። ነፍሳቸውን በአብርሃም በይስሐቅ በያዕቆብ አጠገብ ያኑርልን።

እንድጽፍልህ ያደረገኝ ድንጋይ ነው። ባለፈው እሁድ ጠዋት በሐይቁ ዳር ስሄድ ለአጥር ግንብ የተራገፈ ጥቁር ድንጋይ አየሁ። አንዱ ለሁለት ተፈልጧል። ከውጭ ዝገት መስሏል፣ ውስጡ ግን ድፍን ጥቁር ነው። ምስር የሚያካክሉ ቀዳዳዎች አሉት፤ ብዙዎቹ በነጭ ነገር ተደፍነዋል። ቤት ወሰድኩት። ነጩን በቢላ ፋቅ ፋቅ አድርጌ ሎሚ ጠብ አደረግኩበት። ቡልቅ ቡልቅ አለ። ያ አረፋ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ድንጋዩ ቀልጦ ሲፈስ ቀዳዳዎቹ ባዶ ነበሩ፣ ጋዝ የወጣባቸው ናቸው። ነጩን ያመጣው ከዘመናት በኋላ በስንጥቁ ሰርጎ የገባ ውሃ ነው። ውሃው ሄደ፣ ያመጣውን ግን እዚያው ትቶት ሄደ።

ወዲያው እማማ የሺ ትዝ አሉኝ። ሰፈር ውስጥ ጉድጓድ ሲቆፈር ውሃውን ቀድመው የሚቀምሱት እሳቸው አልነበሩ? ቀምሰውም አያበቁም። በማንቆርቆሪያ አፍልተው ይደፉታል። ከዚያ ውስጡ የቀረውን ነጭ በጥፍራቸው ፍቀው ያዩታል። «ይሄ ለቡና አይሆንም» ካሉ አለቀ፣ ቤታችሁ አይገባም።

አንተ ደግሞ አንድ ምሽት እዚሁ ዳር ቁጭ ብለን ቀዩን ኮከብ እያሳየኸኝ፣ «ማርስ ላይ ውሃ ነበረ ካሉ፣ ሰው ይቅር፣ ትል እንኳ እንዴት ጠፋበት?» ብለኸኝ ነበር። «ውሃ ብቻ አይበቃም» አልኩህና ወደ ሌላ ጨዋታ ገባን። መልሱ ጎደሎ ነበር። አሁን ልሙላልህ።

ፐርሴቬራንስ የሚባለው የናሳ ሮቨር፣ ማርስ ላይ የሚሄድ ሰው አልባ መኪና በለው፣ እ.ኤ.አ. በ2021 ጄዜሮ የሚባል ጉድጓድ ውስጥ አረፈ። ጉድጓዱ ከሰማይ በወደቀ አለት የተፈጠረ ነው፣ ስፋቱ 45 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ከጣናችን ግማሹን ያህል በለው። ከ3 ቢሊዮን ከሚበልጥ ዓመት በፊት ሐይቅ ነበር። ግልገል አባይ ጣና አፍ ላይ ደለሉን እንደሚከምረው፣ እዚያም ወንዝ እየገባ ዴልታ ሠርቷል። የወለሉ አለት ደግሞ ከእሳተ ገሞራ የመጣ ነው፣ ከኛ ጥቁር ድንጋይ ጋር ዝምድና አለው።

ሮቨሩ በክንዱ ጫፍ የኤክስሬይ መሣሪያ ይዟል። የድንጋዩን ፊት በትንንሽ ነጥብ እየከፋፈለ ምን እንዳለበት ያነባል። እ.ኤ.አ. በ2025 የወጣ ጥናት እነዚያን ንባቦች ሰብስቦ 24 ዓይነት ማዕድናት ለየ። እኔን ልቤን የነካው ይሄ ነው፦ ማዕድናቱ የአንድ ውሃ ሥራ አይደሉም። የሦስት ውሃ ናቸው።

የመጀመሪያው ትኩስና አሲዳም ነበር፤ ምልክቱ የሚታየው በወለሉ አለት ላይ ነው። ዳሎልን አስብ። ቀለሙ ያስደምማል እንጂ በጣም አሲዳም በሆኑት ኩሬዎች ውስጥ ተመራማሪዎች ፈልገው ሕይወት ያጡበት ጊዜ አለ። ሁለተኛው ለዘብ ያለ ነው፣ አሲድም ተቃራኒው አልካሊም ያልበዛበት። ሦስተኛው ቀዝቀዝ ያለ፣ ወደ አልካሊ ያዘነበለ ነው። ሴፒዮላይት የሚባል ማዕድን ትቶ ሄዷል፤ እሱም ሮቨሩ በደረሰበት ሁሉ፣ ወለሉም ላይ ዴልታውም ላይ ተገኝቷል። ስለዚህ ቦታው እየከፋ አልሄደም። በየተራው ለሕይወት እየተመቸ ነው የመጣ። እማማ የሺ ቢሆኑ የመጀመሪያውን ይደፉት ነበር። ሦስተኛውን ግን አንድ ሲኒ ያፈሉበት ይመስለኛል።

ኪዩሪዮሲቲ የሚባለው ሌላው ሮቨርም እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ በሌላ ጉድጓድ ውስጥ ነው። እሱ ያገኘው በስንጥቅ ውስጥ የተጋገረ ነጭ ነገር የጀሶ ዘመድ ነው፤ ግድግዳ የምንለስንበት ያው ጀሶ።

ታዲያ ማርስን ምን ነካው? ሎሚው ላይ ቡልቅ ያለው ጋዝ እዚህ ይገባል። ውሃ ከአየሩ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይዞ ድንጋይ ውስጥ ሲገባ ጋዙ ካርቦኔት የሚባል ማዕድን ሆኖ ይታሰራል። ኪዩሪዮሲቲ በቆፈረው አንዳንድ አለት ውስጥ የብረት ካርቦኔት እስከ 10 በመቶ ገደማ ተገኝቷል። ምድር ላይ እሳተ ገሞራ ያንን ጋዝ ቆይቶ ወደ አየር ይመልሰዋል። ማርስ ግን ወሰደ እንጂ እምብዛም አልመለሰም። ከቀረው አየር ብዙው ደግሞ ወደ ጠፈር አመለጠ። ብርዱን የሚከላከለው ካባ ሳሳ ማለት ነው። ቦታውን ያለመለመው ውሃ ራሱ አየሩን ድንጋይ ሲያበላ ኖረ። ይሄን ያነበብኩ ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም ሙሌ። ጣና ራሱ ከ15 ሺህ ዓመት በላይ አስቀድሞ ደርቆ ያውቃል፣ ደለሉን ቆፍረው ያወቁት ነው። ግን ዝናቡ ተመለሰለት። ለጄዜሮ የተመለሰለት የለም።

ስለ ትሉ ከጠየቅኸኝ፣ እ.ኤ.አ. በ2024 ፐርሴቬራንስ እንደ ነብር ቆዳ ነጠብጣብ ያለበት ድንጋይ አግኝቷል። እንዲህ ያለ ምልክት ምድር ላይ ረቂቅ ተሕዋስያን ይሠሩታል፣ ያለ ሕይወትም ግን ሊፈጠር ይችላል። ናሙናው በቱቦ ታሽጎ እዚያው ማርስ ላይ ነው። እስኪመጣ እንጠብቃለን።

ለሙት ዓመታቸው ሐዋሳ እመጣለሁ፣ ቀኑን ብቻ ንገረኝ። የዘጌ ቡና ይዣለሁ። የተፈለጠውን ድንጋይ ግማሹን ላንተ አስቀምጫለሁ፣ ነጩን እንዳልጨርስብህ ሎሚውን ትቻለሁ።

ወንድምህ፣
ከባሕር ዳር