በጣሳችሁ ላይ በታተመው የብስኩት አዘገጃጀት መመሪያ ላይ የቀረበ ቅሬታ

ለድርጅቱ የደንበኞች አገልግሎትና የምርት ጥራት ክፍል

ጉዳዩ፦ የመጠጥ ዱቄቱ ይዘት ተለውጦ ሳለ ሳይታረም የቀረውን የብስኩት አዘገጃጀት መመሪያ ይመለከታል

ብቅል ያለበትን የቸኮሌት መጠጥ ዱቄታችሁን ለዓመታት ስገዛ የኖርኩት ለመጠጥ ብቻ ሳይሆን፣ በጣሳው ጀርባ በታተመው መመሪያ መሠረት ለልጆቼ ብስኩት ለመጋገርም ነው። መመሪያው ቀላል ነው፤ 125 ግራም የገበታ ቅቤ ከ100 ግራም ስኳር ጋር ነጣ እስኪል ይመታል፣ አንድ እንቁላል ይጨመራል፣ ከዚያም 200 ግራም የስንዴ ዱቄት፣ ግማሽ ኩባያ የእናንተ ዱቄትና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ ተቀላቅሎበት፣ ሊጡ በትንንሹ ከተድቦለቦለ በኋላ በ180 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ለ15 ደቂቃ ይጋገራል። ልጆቼ ጠረጴዛው ላይ ለመድረስ ወንበር ላይ ይቆሙ ከነበረበት ዕድሜ ጀምሮ አብረውኝ ያድቦለቦሉት ብስኩት በመሆኑ፣ ይህን ደብዳቤ የምጽፈው የአንድ ጣሳ ዋጋ ቆጭቶኝ እንዳልሆነ ከወዲሁ እንድትረዱልኝ እፈልጋለሁ።

በቅርቡ በገዛኋቸው ሦስት ጣሳዎች የጋገርኳቸው ብስኩቶች በሙሉ ተበላሽተዋል። ሊጡ ኦቨን ውስጥ ገብቶ ጥቂት ደቂቃ እንደቆየ ቀልጦ ይንጣለልና አንዱ ከሌላው ጋር ይጣበቃል፤ ጠርዙ ሲያር መሐሉ ሳይበስል ይቀራል፤ ሲቀመስም ምላስ ላይ የሚቆይ ሳሙና ሳሙና የሚል ጣዕም አለው። መጀመሪያ የጠረጠርኩት ራሴን ነበር። ስለዚህ የኦቨኑን ሙቀት በቴርሞሜትር አረጋገጥሁ፣ ቅቤውንም ቤኪንግ ሶዳውንም በአዲስ ቀየርኩ፤ ውጤቱ ግን ያው ሆነ። በመጨረሻ ስኳር አስቀምጥበት የነበረውን አሮጌ ጣሳችሁን አውጥቼ ከአዲሱ ጋር ጎን ለጎን ሳነባቸው ነገሩ ተገለጠልኝ።

በአሮጌው ጣሳ የይዘት ዝርዝር ላይ መጀመሪያ የተጻፈው የብቅል ጭማቂ ነው፤ በአዲሱ ላይ ግን ስኳር ቀድሞ ብቅል ሦስተኛ ሆኗል። ዓለም አቀፍ የምግብ መስፈርቶችን የሚያወጣው የኮዴክስ አሊሜንታሪየስ ኮሚሽን ለታሸጉ ምግቦች ባወጣው ጠቅላላ የመለያ ጽሑፍ መስፈርት መሠረት የይዘት ዝርዝር የሚጻፈው በክብደት ከሚበልጠው ወደሚያንሰው ስለሆነ፣ ይህ የቃላት መቀያየር ብቻ አይደለም፤ ዱቄቱ ራሱ ተለውጧል ማለት ነው። በአሮጌው ላይ “የኮኮዋ ዱቄት” ተብሎ ብቻ የተጻፈውም በአዲሱ ላይ “የአሲድነት መቆጣጠሪያ (ፖታሲየም ካርቦኔት)” የሚል ተጨምሮበታል፤ ይህም ኮኮዋው አሲድነቱ እንዲቀንስ በአልካሊ (የአሲድ ተቃራኒ በሆነ ንጥረ ነገር) የታከመ መሆኑን ያሳያል።

እነዚህ ሁለት ለውጦች በአንድ ኩባያ ወተት ውስጥ ላይታወቁ ይችላሉ፤ በሊጥ ውስጥ ግን ሁሉን ነገር ያናጋሉ። ስኳር በሙቀት ስለሚቀልጥና ውኃን ስለሚይዝ፣ ሲበዛ ሊጡ ቅርጹን ሳይዝ ይፈስሳል፤ የሳሳ ብስኩት ደግሞ ጠርዙ ቶሎ ያራል። ቤኪንግ ሶዳ በበኩሉ በደንብ ሠርቶ እንዲያልቅ አሲድ ይፈልጋል። ቀድሞ ያልታከመው ኮኮዋና ብዛት ያለው ብቅል ያንን አሲድ ይሰጡት ነበር፤ አሁን ግን የሚበቃው ስለማያገኝ፣ የሳሙና ጣዕም ያለው ቅሪት በብስኩቱ ውስጥ ይቀራል። በዚህ ላይ አልካሊ የበዛበት ሊጥ ይበልጥ ይንጣለላል፣ ፈጥኖም ይጠቁራል። እኔን ከሁሉ በላይ ያሳዘነኝ ግን የብቅሉ መዓዛ መጥፋቱ ነው። ገብስ ተነክሮ ሲበቅል የሚፈጠሩት ኢንዛይሞች ስታርቹን ማልቶስ ወደተባለ የስኳር ዓይነት ይቀይሩታል፤ ማልቶስ ከወተት ፕሮቲን ጋር ሲግል ደግሞ ፈረንሳዊው ኬሚስት ሉዊ ካሚይ ማያር በ1912 እ.ኤ.አ. የገለጸውን የመቅላት ሂደት ፈጥሮ ያንን የተቆላ እህል ሽታ ይሰጣል። ተራ ስኳር ተሰባብሮ ወደ ግሉኮስና ፍሩክቶስ ካልተለወጠ በቀር በዚህ ሂደት አይሳተፍም፤ ስለዚህ በብቅል ፋንታ የገባው ስኳር ጣፋጭነት እንጂ ያንን መዓዛ ሊሰጥ አይችልም።

ሌላም ችግር አለ። መመሪያው የሌላውን ሁሉ መጠን በግራም ሲሰጥ የራሳችሁን ዱቄት ብቻ “ግማሽ ኩባያ” ይላል። የቀድሞው ዱቄት ፍርፍር መሳይና ሸካራ ነበር፤ የአሁኑ የላመ ስለሆነ ኩባያው ውስጥ ጠቅጠቅ ብሎ ይሞላል። በቤቴ ሚዛን ስመዝነው የአዲሱ ግማሽ ኩባያ 62 ግራም ሆኗል፤ ከአሮጌው ጣሳ ጥግ ከተራረፈው የሞላሁት አንድ የሾርባ ማንኪያ ደግሞ ከአዲሱ አንድ የሾርባ ማንኪያ በግልጽ ቀሎ አግኝቼዋለሁ። መመሪያውን ቃል በቃል የሚከተል ሰው፣ ሳያውቀው ከቀድሞው የበለጠ ዱቄት፣ ያውም ስኳር የበዛበትን፣ ይጨምራል ማለት ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚከብደው ግን በአዲሱ ጣሳ መመሪያ ግርጌ የተጨመረው ዓረፍተ ነገር ነው፤ “ስንዴ ለማይስማማቸው ሰዎች በስንዴ ዱቄት ፋንታ የሩዝ ዱቄት መጠቀም ይቻላል” ይላል። ብቅላችሁ ከገብስ የተሠራ ነው፤ ገብስ ደግሞ እንደ ስንዴ ሁሉ ግሉተን የተባለው ፕሮቲን አለበት። ሴሊያክ የተባለው፣ ግሉተን ሲበላ አንጀትን የሚጎዳው ሕመም ያለበትን ልጅ የምታሳድግ እናት ይህን አምና በሩዝ ዱቄት ብትጋግር፣ ልጇን የምታበላው እንዲርቅ በሐኪም የተነገረውን ነገር ነው። በይዘት ዝርዝሩ ውስጥም “የብቅል ጭማቂ” ከማለት በቀር “ገብስ” የሚል ቃል የትም አላገኘሁም። የተበላሸ ብስኩት ይጣላል፤ ይህ ግን የሰው ጤና ስለሆነ ቀጣዩ ኅትመት እስኪደርስ ሊጠበቅ አይገባውም።

ከሁለት ሳምንት በፊት ስልክ ደውዬ ሳስረዳ ያገኘሁት መልስ “ኦቨንዎን ያስፈትሹ” የሚል ነበር። ያነጋገረችኝን ሠራተኛ አልወቅሳትም፤ ስለ ለውጡ የነገራት ሰው አለመኖሩ ከድምጿ ያስታውቅ ነበር። እኔ ግን ከዚያ በኋላ አምስት ጊዜ ጋግሬአለሁ። ስኳሩን ወደ 70 ግራም ዝቅ አድርጌ፣ የእናንተን ዱቄት 50 ግራም መዝኜ፣ ቤኪንግ ሶዳውን የራሱ አሲድ ባለው አንድ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር ተክቼ፣ ሊጡን ማቀዝቀዣ ውስጥ ለ30 ደቂቃ አቆይቼ በ160 ዲግሪ ለ14 ደቂቃ ስጋግረው ቅርጹን የያዘ፣ የሳሙና ጣዕም የሌለው ብስኩት ወጥቶልኛል። የብቅሉን መዓዛ ግን በእኔ ወጥ ቤት ልመልሰው አልቻልኩም፤ እርሱ በእናንተ እጅ ያለ ነገር ነው።

ስለዚህ የሩዝ ዱቄትን የሚመለከተው ዓረፍተ ነገር በአስቸኳይ እንዲነሣና ገበያ ላይ ላሉት ጣሳዎችም ግልጽ ማስጠንቀቂያ እንዲወጣ፣ በይዘት ዝርዝሩ ውስጥ “የገብስ ብቅል” ተብሎ እንዲጻፍ፣ መመሪያው አሁን በጣሳው ውስጥ ባለው ዱቄት ተጋግሮ ከተፈተነ በኋላ በግራም እንዲታተም፣ የዱቄቱ ይዘት የተለወጠበት ጊዜም ለደንበኞች እንዲገለጽ እጠይቃለሁ። የሁለቱን ጣሳዎች የመለያ ጽሑፍ ፎቶግራፍና የአምስቱን ሙከራዎች ማስታወሻ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዤ ልኬአለሁ። መልሳችሁን በጽሑፍ እጠብቃለሁ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
የረጅም ጊዜ ደንበኛችሁ