ከዘራውን ከመያዝህ በፊት

ይድረስ ለልጄ፣

በግሪኮቹ የሚካኒኮስ ጭፈራ መሪ ልትሆን ነው መባሉን ሰምቼ ደስ ብሎኛል። ግን ሰው ፊት ሲያቀርቡት እንደ ሰካራም የሚንገዳገዱ ብዙ ናቸው፤ አንተ እንዳትሆን። በጭፈራው የሚታየው የግሪኳ ካሊምኖስ ደሴት ስፖንጅ ለቃሚ፣ ማለትም ከባሕር ሥር ስፖንጅ የሚነቅል ጠላቂ፣ ጉዳት ነው።

ድሮ ጠላቂው ራቁቱን፣ ከ8 እስከ 14 ኪሎ የሚመዝን ጠፍጣፋ ድንጋይ ይዞ ነበር የሚወርደው። ስካንዳሎፔትራ ይሉታል። ከፊቱ ዘርግቶ ሲያዘነብለው አቅጣጫ ይቀይራል፤ ገልበጥ ሲያደርገው ፍጥነቱ ይቀንሳል። ስፖንጁን ከነቀለ በኋላ ጓደኛው ከጀልባ ላይ በገመድ ይስበዋል። የሲሚ ደሴቱ ስታቲስ ሃጂስ እ.ኤ.አ. በ1913 ካርፓቶስ ደሴት አጠገብ ከ70 ሜትር በላይ ወርዶ የጣሊያን የጦር መርከብ መልሕቅ ያገኘው በዚሁ ዘዴ ነው።

መከራው የመጣው እ.ኤ.አ. በ1860ዎቹ ከገባው የመጥለቂያ ልብስ ጋር ነው፦ የመዳብ ራስ ቁር፣ ከላይ ደግሞ በእጅ የሚዞር የአየር ፓምፕ። ትንፋሹን ይዞ የሚወርድ ሰው ያለው አንድ ሳንባ አየር ብቻ ነው። ባለ ልብሱ ግን 30 ሜትር ላይ፣ ከባሕሩ በላይ ካለው አየር 4 እጥፍ ግፊት ያለው አየር እየሳበ ይቆያል፤ ናይትሮጅኑም ሰውነቱ ውስጥ ይሟሟል። ቀስ ብሎ ከወጣ በትንፋሹ ይወጣለታል። ካፒቴኑ ካጣደፈው ወይም በቀን ደጋግሞ ካወረደው ናይትሮጅኑ አረፋ ይሆናል፤ አረፋው ኅብለ ሰረሰሩን ሲጎዳ እግሩ ይከዳዋል።

ስለዚህ መንቀጥቀጡ ከወገብ በታች ይሁን። ትከሻህ አይጉበጥ፤ ሰውየው ኩሩ ነው። ክብደትህን ከዘራው ላይ ጣል፣ ጉልበትህን አንቀጥቅጥ፣ ምቱን ግን አትልቀቅ፤ አንተ ከሳትክ ከኋላህ ያለው ረድፍ በሙሉ ይፈርሳል። ሁለተኛው ጨፋሪ ክንድህን አጥብቆ ይያዝ። ከዘራውን ትተህ እንደ ጤነኛ የምትረግጥበት ቦታ ካለ ደግሞ አታርዝመው።

ማዕድ ላይ ስለ ጎርጎና ማንሳታቸው አይቀርም፤ በግሪኮች ተረት ከወገቧ በታች ዓሣ የሆነች የታላቁ እስክንድር እህት ናት። መርከብ አስቁማ «ንጉሥ እስክንድር በሕይወት አለ?» ትላለች። «አለ፣ ነግሷል» ካሏት ባሕሩን ታረጋጋለች፤ «ሞቷል» ያላት በማዕበል ይሰጥማል። እኛም በግዕዝ ዜና እስክንድር የተባለ መጽሐፍ ስላለን ወሬው አያልቅብህም።

የከዘራው ጫፍ ላስቲክ ይኑረው፤ የእብነ በረድ ወለል ያንሸራትታል።

አባትህ