ደብዳቤ ለልጄ፦ ሲምሰኗን ከመግዛትሽ በፊት

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን ሰንብተሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። የእናትሽ ጉልበት ክረምቱ ከወጣ ወዲህ ሻል ብሎታል፤ ሞተር ልትገዢ ማሰብሽን ከሰማች ጀምሮ ግን ጉልበቷን ረስታ ስለ አንቺ ጭንቅላት ነው የምታወራው። እኔ ፊቷ ባልናገርም ደስ ብሎኛል። እሁድ ዕለት «አሮጌ ሲምሰን ኤስ 51 ልግዛ ወይስ አዲስ ፎር ስትሮክ ስኩተር?» ብለሽ ስትጠይቂኝ መስመሩ እየተቆራረጠ አላወራ አለን። ነገሩ ደግሞ በተቆራረጠ ስልክ የሚያልቅ አይደለም፤ ስለዚህ ቁጭ ብዬ መጻፍ ይሻላል አልኩ።

መልሱን አላቆይብሽም፤ ሲምሰኗን ግዢ። እሷ ቱ ስትሮክ ናት፤ ዕድሜዬን ሙሉ ፎር ስትሮክ ሳወድስ ሰምተሽኝ ስላደግሽ ይገርምሽ ይሆናል። ናፍቆት ይዞኝ እንዳይመስልሽ፤ ምክንያቴ የአገሩ ሕግ ነው። እዚያ ጀርመን አዲስ ባለ 50 ሲሲ ሞተር በሰዓት ከ45 ኪሎ ሜትር በላይ እንዳይሄድ ተደርጎ ነው የሚሸጠው። የምሥራቅ ጀርመኖቹ ሲምሰኖች ግን አገሩ ሲዋሃድ በተፈረመው ውል 60 እንዲሄዱ ተፈቅዶላቸዋል፤ እ.ኤ.አ. እስከ ፌብሩዋሪ 28 ቀን 1992 ድረስ መንገድ ላይ የወጡት ማለት ነው። መኪናው ሁሉ በ50 በሚሄድበት ከተማ በ45 የምትነዳ ሰው የጭነት መኪና ከኋላዋ ሲያስጨንቃት ነው የሚውለው። ያወጣሽው የመኪና መንጃ ፈቃድ ለእሷም ይበቃል። ሰሌዳዋም ትንሽዬ የኢንሹራንስ ሰሌዳ ናት፤ በየዓመቱ በማርች 1 ቀለሟ ይቀየራል፣ ቀኑን እንዳታሳልፊ።

የምትገዢው ምን ዓይነት ፍጥረት እንደሆነ ግን አውቀሽ ግዢ። ፎር ስትሮክ ሥራውን በአራት ምት ነው የሚጨርሰው፤ ይስባል፣ ይጨምቃል፣ ያቃጥላል፣ ያስወጣል። የሞተሩ ዘንግ ሁለት ዙር ዞሮ ጉልበት የሚያገኘው አንዴ ነው። ቱ ስትሮክ በየዙሩ ይተኩሳል። ቫልቭ የለውም፣ ቫልቭ የሚከፍትና የሚዘጋ ዘንግም የለውም፤ በሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ መስኮቶች አሉ፣ ፒስቶኑ ራሱ ሲወጣ ሲወርድ ይከፍታቸዋል፣ ይዘጋቸዋል። አየርና ቤንዚኑ መጀመሪያ ከፒስቶኑ ሥር፣ ዘንጉ ወዳለበት ክፍል ይገባል፤ ፒስቶኑ ሲወርድ ተጨንቆ ወደ ላይ ያልፋል። ያ ክፍል የነዳጅ መተላለፊያ ስለሆነ እንደ ፎር ስትሮኩ ዘይት ሊጠራቀምበት አይችልም። ስለዚህ ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር አብሮ ይገባል፣ ሲያልፍ ኩሽኔታውንና ሲሊንደሩን ያረጥባል፣ መጨረሻ ላይም ይቃጠላል። ያ ሰማያዊ ጭስ እሱ ነው። ለኤስ 51 ልኩ 1 ለ50 ነው፤ ለ5 ሊትር ቤንዚን 100 ሚሊ ሊትር የቱ ስትሮክ ዘይት። በዓይን ግምት አይሆንም፣ መለኪያ ግዢ።

ልጅ ሆኜ መጀመሪያ ያየኋት ሞተር የወባ ማጥፊያው ሠራተኛ የሚመጣባት ነበረች። ከመድረሷ በፊት ድምጿ ይመጣል፣ ከሄደች በኋላ ሽታዋ ይቆያል። ያ ሽታ ለብዙ ጊዜ የወባ መድኃኒት ሽታ ይመስለኝ ነበር። አድጌ በ1970ዎቹ መጨረሻ የግብርና ባለሙያ ሆኜ ደብረ ማርቆስ ስመደብ የመሥሪያ ቤቱ ግቢ ውስጥ ያንኑ ሽታ አገኘሁት፤ ያማሃ ዲቲ 125 ነበረች። አጠገቧ ሆንዳ ኤክስ ኤል 125 ቆማለች። ሲሲያቸው እኩል፣ አንዷ ቱ ስትሮክ አንዷ ፎር ስትሮክ። ከዚህ የተሻለ ማወዳደሪያ ከየት ይመጣል?

ጎረምሶቹ ሁሉ ዲቲዋን ነበር የሚሻሙት። ከታች ዝም ትልና ዙሯ ከፍ ሲል በድንገት ትነሳለች፤ የፊት ጎማዋን ልታነሳብሽም ትችላለች። ኤክስ ኤሏ እንዲህ ያለ ትዕይንት የላትም። ከታች ጀምራ እኩል ትጎትታለች፣ ዳገት ላይ ማርሽ ሳትለውጪ ትወጣልሻለች፣ ቤንዚንም ትቆጥባለች። ቤንዚን በበርሜል ተጭኖ በሚመጣበት ወረዳ ይህ ቀላል ነገር አልነበረም። ዲቲዋ የራሷ ዘይት ማጠራቀሚያና ፓምፕ ስለነበራት (ያማሃ እ.ኤ.አ. በ1964 ያመጣው ዘዴ ነው) ማደባለቅ አይጠበቅብንም፤ ዘይቱ ሲያልቅ ግን የሚሸጥበት ሱቅ ፍለጋ ማርቆስ ድረስ መመለስ ነው። በክረምት ዋልካ ሲይዝሽ ግን ፍርዱ ይገለበጣል። ዲቲዋ ትቀላለች፣ ሁለት ሰው አንሥቶ ያወጣታል። ኤክስ ኤሏን ለማውጣት ገበሬ መጥራት ነበረብን፤ ገበሬው ደግሞ እየሳቀ ነው የሚመጣው።

አንዱ ባልደረባችን ፓምፕ የሌላት፣ ዘይቷ በእጅ የሚደባለቅ አሮጌ ቱ ስትሮክ ነበረችው። የማን ሥሪት እንደነበረች ይቅር። አንድ ቀን ከአዲስ አበባ ስንመለስ ከጎሃ ጽዮን ወደ አባይ በረሃ ወረድን። ታውቂዋለሽ፣ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁለት ነው። እሱ ፍሬኑ እንዳይግል ብሎ ማርሽ አስገብቶ፣ ነዳጅ ዘግቶ ይወርዳል። በፎር ስትሮክ ቢሆን ትክክል ነው፤ ሞተሩ ይይዝልሻል፣ ዘይቱም ከታች ስላለ ግድ የለውም። በቱ ስትሮክ ግን ነዳጅ ስትዘጊ ዘይቱንም ዘጋሽው ማለት ነው። ፒስቶኑ በከፍተኛ ዙር ይመላለሳል፣ የሚያረጥበው የለም። ግማሽ መንገድ ላይ «ጭርር» የሚል ድምፅ ሰማሁ፤ የኋላ ጎማው ቀጥ ብሎ አስፋልቱ ላይ ጥቁር መስመር አሰመረ። ፍሪሲዮኑን በቅጽበት ባይስበው ኖሮ ገደል ነበር። ጥላ ሥር ተቀምጠን ሞተሩ እስኪበርድ ጠበቅን፣ በእግሩ ሲመታው ደግሞ ተነሣ! ማርቆስ ገብተን ሲሊንደሩ ሲፈታ ፒስቶኑ ጎን ላይ ከላይ እስከ ታች የተፋቀ መስመር አለ፣ አንዱ ፋሻ (የፒስቶኑ ቀለበት) ቦታው ላይ ተጣብቆ አልንቀሳቀስ ብሏል።

ይህን የማወራሽ ከኬምኒትዝ ከተማ በስተደቡብ ወደ ኤርዝጌቢርግ ተራሮች መውጣትሽ ስለማይቀር ነው። ቁልቁለት ላይ ሁለት ጣትሽ ከፍሪሲዮኑ አይነሣ። ቁልቁለቱ ረጅም ከሆነ በየመሀሉ ፍሪሲዮን ስበሽ ትንሽ ነዳጅ ስጫት፣ ዘይት ትቅመስ። የትራባንት ሠሪዎች ይህን አውቀው ነው መኪናቸው በአራተኛ ማርሽ ነዳጅ ሲለቀቅ ጎማው ሞተሩን እንዳያዞረው አድርገው የሠሯት፤ እሷም ቱ ስትሮክ ነበረቻ።

ካንዴላውንም ማንበብ ልመጂ። ነድተሽ ስታቆሚ ፈትተሽ እዪው፤ ጫፉ የተቆላ ቡና ቀለም ካለው ሞተሩ ጤነኛ ነው። ጥቁርና እርጥብ ከሆነ ነዳጅ ወይም ዘይት በዝቶበታል፤ ከነጣ ነዳጅ አንሶት ይግላል፣ እሱ ነው የሚያስፈራው። እኛ ወደ ጮቄ ስንወጣ አየሩ ስለሚሳሳ ነዳጁ ይበዛና ካንዴላው ይጠቁር ነበር። አንቺ ያለሽበት ቆላ ነው፣ ለዚያ አታስቢ።

በነገራችን ላይ፣ ያለሽበት አገር የቱ ስትሮክ መዲና መሆኑን ታውቂያለሽ? ከኬምኒትዝ አጠገብ ቾፓው የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። ዲካቬ የሚባለው ፋብሪካ እዚያ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ መጨረሻ በዓለም ትልቁ ሞተር ሳይክል ሠሪ እሱ ነበር። አርቲ 125 የምትባለዋን ሞተሩን ከጦርነቱ በኋላ እንግሊዞችም፣ ሩሲያውያንም፣ አሜሪካኖችም ቀድተዋታል፤ የያማሃ የመጀመሪያዋ ሞተር እንኳ የእሷ ቅጂ ናት። በኋላ ፋብሪካው ኤምዜድ ሆነና ቫልተር ካደን የሚባል መሐንዲስ ተነሣ። ይህ ሰው የማርሚታውን፣ የጭስ ማውጫውን ማለቴ ነው፣ ቅርጽ አጠና። ቱቦው መጀመሪያ እየሰፋ፣ ከዚያ እየጠበበ ከሄደ የጭሱ ግፊት ተመልሶ ይመጣና ሳይቃጠል ሊያመልጥ የነበረውን ነዳጅ ወደ ሲሊንደሩ ይመልሰዋል። እ.ኤ.አ. በ1961 ከ125 ሲሲ 25 የፈረስ ጉልበት አወጣ። በዚያው ዓመት ግን የቡድኑ ጋላቢ ኤርንስት ዴግነር ስዊድን ለውድድር ሄዶ ቀረ፤ ምስጢሩን ይዞ ሱዙኪ ገባ፣ በሚቀጥለው ዓመት በ50 ሲሲ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። ካደን ላይ የደረሰው ነገር እስከ ዛሬ ያናድደኛል። አውጉስቱስቡርግ ቤተ መንግሥት ውስጥ የሞተር ሳይክል ሙዚየም አለ፣ ሄደሽ እዪልኝ።

ፎር ስትሮኩ ለምን አሸነፈ ካልሽኝ፣ ቱ ስትሮኩ የነዳጁን የተወሰነ ክፍል ሳያቃጥል በመስኮቱ ስለሚያስወጣና ዘይት ስለሚያጨስ ነው። የጭስ ሕግ ሲጠብቅ መውጫ አጣ። ሆንዳ እ.ኤ.አ. ከ1958 ጀምሮ በሱፐር ከብ ትንሽ ሞተርም ፎር ስትሮክ መሆን እንደምትችል አሳይቶ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2017 ከ100 ሚሊዮን በላይ ተሠርታለች። እ.ኤ.አ. በ2002 ደግሞ ትልቁ የሞተር ሳይክል ውድድር ሞቶ ጂፒ ራሱ ለፎር ስትሮክ በር ከፈተ። ዛሬ እዚህ በየመንገዱ የምታያቸው ቦክሰርና ቲቪኤሶች ፎር ስትሮክ ናቸው። ዘይት ቀይሪ፣ የቫልቩን ክፍተት አሳዪ፣ ነድተሽ ሂጂ፤ ጣጣ የለውም። ጀርመን ባትሆኚ ኖሮ እሱን ነበር የምመርጥልሽ።

ልታዪ ስትሄጂ መጀመሪያ ወረቀቷን ጠይቂ፤ የፍሬሙ ቁጥርና ወረቀቱ ካልተገናኙ ተመለሺ። ሲሊንደሯ በ70 ሲሲ ተቀይሮ እንደሆነ ጠይቂ። ብዙ ጎረምሳ ይህን ያደርጋል፤ የአንቺ መንጃ ፈቃድ ግን 50 ሲሲን እንጂ ያንን አይሸፍንም። ባለ 12 ቮልት ከተገኘች እሷን ምረጪ፣ የ6 ቮልቷ መብራት ለማታ ይደክማል። ነዳጅ ሰጥተሽ ስትለቂ ዙሩ ቶሎ ካልወረደ በዘንጉ ማሸጊያ ጎማ በኩል አየር ትስባለች ማለት ነው፤ ጎማው ርካሽ ነው፣ እሱን ለመቀየር የሚፈታው የሞተር ክፍል ግን ብዙ ነው፣ ዋጋውን በዚያ ልክ አስቀንሺ። ስታቆሚያት የቤንዚኑን ቧንቧ ሁሌ ዝጊ። የራስ ቁሩን ደግሞ አዲስ ግዢ፣ ያገለገለ አይሁን፤ ይህ የእናትሽ ትእዛዝ ነው፣ እኔም እስማማበታለሁ።

ሻጩ ቀድሞ አሙቆ እንዳይጠብቅሽ ንገሪው፤ ሞተሯን በእጅሽ ዳስሺ፣ ከሞቀች ሌላ ቀን ተቀጣጠሩ። ቀዝቃዛ ከሆነች እሱ በእግሩ ይምታት፣ አንቺ ስልኩን ማርሚታው አጠገብ ያዢልኝ። ከዚህ ሆኜ እሰማታለሁ።

አባትሽ