የነፃ ዘይት ሙሌቱን ስለማቆማችን፦ ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ውድ ደንበኞቻችን፣

ሞተሩን አውርደን ለሠራንለት መኪና ለ6 ወር በነፃ እንሞላ የነበረውን ዘይት ማቆማችንን በሩ ላይ ከለጠፍን ወዲህ ብዙዎቻችሁ እንደተቀየማችሁ አውቃለሁ። አስቀድመን አለመንገራችን ጥፋት ነው፤ ይቅርታ። ስለ ውሳኔው ግን የምለው አለኝ።

ከሁሉ ያሳዘነኝ አንድ የቆየ ደንበኛዬ ሰው በተሰበሰበበት የተናገረው ነው። «አውሮፕላን ዘይት አይጠጣም ስትለን ኖረህ፣ የእኔን ሚኒባስ እንዴት ጠጪ አድርገህ ሰጠኸኝ?» ሁሉም ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ነገሩን ያልኩት እኔው ነኛ! እዚህ ደብረ ብርሃን ጋራዥ ከመክፈቴ በፊት አውሮፕላን እጠግን እንደነበር ቡና በተፈላ ቁጥር ያላወራሁለት ሰው የለም። ያወራሁት ግን ስለ ተርባይን፣ ማለትም የጋለ ጋዝ እየገፋ ስለሚያዞረው ሞተር ነው። የሚኒባሱ ዘመድ ደግሞ ሌላው የአውሮፕላን ሞተር፣ ፒስተን ያለው ነው።

ተርባይን ውስጥ ዘይትና እሳት አይገናኙም። ዘንጉ የሚዞርባቸው ኩሽኔታዎች በተዘጋ ክፍል ውስጥ ናቸው፤ ከሞተሩ የተጨመቀ አየር ከውጭ ወደ ውስጥ እየገፋ ዘይቱን እዚያው ያቆየዋል። የሚጎድለው ከአየሩ ጋር በመተንፈሻው የምታመልጠው ጭጋግ ብቻ ናት። ጥላሸት ስለማይነካው ብዙ ሰዓት ከበረረ በኋላም መለኪያው ሲወጣ ዘይቱ የቀጭን ሻይ መልክ አለው።

ፒስተን ላይ ግን ፋሻው፣ ማለትም ፒስተኑን የከበበው ቀለበት፣ ሲሊንደሩን በደረቁ ቢፍቀው ሞተሩ ውሎ አያድርም። ግድግዳው ላይ ስስ ዘይት መቅረት አለበት፤ ያንን እሳቱ በየምቱ ይልሰዋል። በአየር የሚቀዘቅዘው የአውሮፕላን ፒስተን ሞተርማ ክፍተቱ ሰፋ ተደርጎ ስለሚሠራ ከመኪናም ይብሳል። 180 ፈረስ ጉልበት ላለው ላይካሚንግ ለተባለው የትንሽ አውሮፕላን ፒስተን ሞተር አምራቹ በሰዓት እስከ ግማሽ ሊትር ገደማ ይፈቅዳል። ካራቫን በተባለው ትንሽ አውሮፕላን ላይ ለሚገጠመው 675 ፈረስ ጉልበት ፒቲ6 ተርባይን ግን ገደቡ በ10 ሰዓት 1 ሊትር ገደማ ነው። አየር መንገዳችን በ1938 ዓ.ም. በረራ የጀመረባቸው ባለ ፒስተን አውሮፕላኖች፣ ዳግላስ ሲ-47ዎች፣ ለእያንዳንዱ ሞተር ከ100 ሊትር በላይ የሚይዝ የዘይት ታንክ ነበራቸው። ሲሊንደሮቹ ዙሪያውን በክብ የተደረደሩበት የዚያ ዓይነት ሞተር ቆሞ ካደረ ዘይቱ ወደ ታችኞቹ ሲሊንደሮች ስለሚወርድ፣ ከመነሳቱ በፊት ፕሮፔለሩን በእጅ ማዞር ያስፈልጋል። ታዲያ አውሮፕላን አይጠጣም ማን አለ? እኔ፤ አጉል አሳጥሬ።

የእኛ መንገድ ደግሞ አለ። ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና በከባድ ማርሽ፣ ነዳጁን ለቃችሁ ስትወርዱ የቤንዚን ሞተር አየር አጥቶ ዘይቱን ከታችም ከቫልቩም በኩል ይስባል። ታች ደርሳችሁ ነዳጅ ስትሰጡ የምትወጣው ሰማያዊ ጭስ እሷ ናት። አዲስ ፋሻም ቢሆን ጥቂት ማሳለፉ አይቀርም። ቶዮታ ራሱ በመመሪያው እስከ 1 ሊትር በ1,000 ኪሎ ሜትር ይፈቅዳል። የዚያን ወዳጄን ሚኒባስ ለካሁት፤ 1,000 ኪሎ ሜትር ሄዶ የጎደለው ግማሽ ሊትር እንኳ አይሞላም።

በነፃ ስሞላ የኖርኩት ጥፋት ስላለብኝ መስሏችሁ ከሆነ ተሳስታችኋል። ለወዳጅነት ነበር። ከሐምሌ 2016 ወዲህ ግን 57 ብር የነበረው ዶላር ከእጥፍ በላይ ሆኗል፤ ዘይቱም ፋሻውም የሚመጣው በዶላር ነው። መንገድ ተዘግቶ መኪና ሲጠፋ እንኳ አንድም ልጅ ከሥራ አላሰናበትኩም። የእጅ ዋጋም አልጨመርኩም። የሆነ ቦታ መቀነስ ነበረብኝ፣ የቀነስኩትም ይቺን ነው።

የ6 ወር ዋስትናው እንዳለ ነው። መኪናችሁን አምጡ፤ ዘይቱን እናንተው እያያችሁ ሞልተን ኪሎ ሜትሩን ደብተር ላይ እንጽፋለን። 1,000 ሲሞላ ተመለሱ። ከ1 ሊትር በላይ ከጎደለ ሞተሩን በራሴ ወጪ አወርደዋለሁ፣ ዘይቱም በእኔ ነው። ከዚያ በታች ከሆነ ግን የጎደለውን እናንተ ግዙ፤ ስንሞላላችሁ ለእጅ አንጠይቅም።

ባለ ሚኒባሱ ወንድሜ፣ ያንተ ቁጥር ደብተሩ ላይ ተጽፏል። መጥተህ እየው፤ ከዚያ ቀን ወዲህ በበሩ እንኳ አላለፍክም።

አክባሪያችሁ፣
የጋራዡ ባለቤት፣ ደብረ ብርሃን